እንጀራ ሲጋገር ዋይፋዩ ይጠፋል፤ ሰርቪስ ቤት ደግሞ ጭራሽ አይደርስም

የሒሳብ ሠራተኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮተቤ፣ ከእናቴ፣ ከወንድሜና ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው። ዋናው ቤት ብሎኬት ነው። ከጓሮ ሦስት ክፍል ሰርቪስ አለ፤ አንዱ ማድ ቤት ነው፣ በአንዱ ወንድሜ ይኖራል፣ ሦስተኛውን አከራይተነዋል። ከሳሎን እስከ ወንድሜ በር በሜትር ለክቼዋለሁ፤ 22 ሜትር።

ባለ 10 ሜጋ ቢት የፋይበር ኢንተርኔት አስገብተናል። ባለሙያዎቹ ራውተሩን የት እናድርገው ብለው ሲጠይቁ እናቴ ቀድማ መለሰች፤ ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ ከሰርጓ ብርጭቆዎች ጎን። ዳንቴልም አልብሳዋለች። ሳሎን ውስጥ ጥሩ ይሠራል። መኝታ ቤት ሲፈልግ ይሠራል። ሰርቪስ ግን ስሙ ይታያል እንጂ ምንም አይከፍትም፤ ወንድሜ የትምህርት ቪዲዮ ለማየት ማታ ማታ ጋቢ ደርቦ በረንዳ ላይ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ችግር ቅዳሜ ጠዋት ነው። እንጀራ የሚጋገረው ያን ቀን ነው፤ ሪያድ ያለችው እህቴም ከእናቴ ጋር በምስል የምትነጋገረው ያን ቀን ነው። ምጣዱ በተሰካ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የእህቴ ፊት አፏን እንደከፈተች ይደርቃል። ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። እናቴ «ምጣዱ ነው የሚስበው» ትላለች፤ ወንድሜ ይስቅባታል። እኔ ሥራዬ መመዝገብ ነውና 11 ቅዳሜ መዝግቤአለሁ፤ በ9ኙ ጠፍቷል።

አንድ ሻጭ የሲግናል ማራዘሚያ ግዢ አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ጥቅሉን ወደ 20 ሜጋ ቢት አሳድጊው ትላለች። ገንዘቤን የቱ ላይ ላውል?

አቦል

ባለ ስድስት አንቴናውን ራውተር ግዢ። እኔ ገዝቼ ተገላግያለሁ።

መሰላል ተሸካሚ

እህቴ፣ አንዱንም አትግዢ። አቦልም ቤቱ ጠባብ ሆኖለት ነው። ጥቅል ማሳደግ ሮቶውን በትልቅ መቀየር ማለት ነው፤ የታጠፈው ጎማ እንደታጠፈ ይቀራል።

ኬብል በመዘርጋት ነው የምተዳደረው፤ ከምገባባቸው ቤቶች ግማሾቹ ራውተሩን ቡፌ ውስጥ አስቀምጠውታል። የቡፌው ጀርባ መስታወት ከሆነ ከመስታወቱ ኋላ ስስ የብረት ቅብ አለ፤ ሞገዱን ወደ ሳሎኑ ይመልሰዋል። ከፊት ደግሞ ቴሌቪዥኑ ቆሟል። ዳንቴሉን ለመከላከል ያህል፣ እሱ ሲግናል አይከለክልም፤ ነገር ግን የአየር መውጫ ቀዳዳዎቹን ስለሚሸፍን ዕቃውን ያግለዋል። ራውተሩን አውጥተሽ ከሰው ቁመት ከፍ አድርገሽ በጓሮው መስኮት በኩል ስቀይው። የፋይበሩን ገመድ ግን ራስሽ አትጎትቺው። ውስጡ ብርጭቆ ነው፤ አጥብቀሽ ካጠፍሽው ብርሃኑ እዚያው ይፈስሳል።

ማራዘሚያውን የነገረሽ ሰው የት እንደምትሰኪው ነግሮሻል? ወንድምሽ ክፍል ከተሰካ የሚያራዝመው ነገር አያገኝም። መሐል ላይ ቢሰካ እንኳ ርካሹ ዓይነት በአንድ ሞገድ ሰምቶ በዚያው ሞገድ ስለሚናገር ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይበላዋል።

ለሰርቪሱ ገመድ ዘርጊ። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፤ 22 ሜትር ለእሱ ምንም አይደለም። ካት 6 ብለሽ ጠይቂና ከመግዛትሽ በፊት የአንዷን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርገሽ እዪ። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ መልሺው። በፕላስቲክ ቱቦ አድርጋችሁ ቅበሩት፣ ከመብራት መስመር ጋር ግን አንድ ቱቦ ውስጥ አይግባ። ክረምት ላይ መብረቅ ሲበረታ ሁለቱንም ጫፍ ንቀሉ።

በወዲያኛው ጫፍ አሮጌ ራውተር ይበቃል። አድራሻ የሚያድለውን፣ ዲ ኤች ሲ ፒ የሚሉትን፣ አጥፊው፤ ሁለት አዳይ በአንድ ቤት ውስጥ ካለ ስልኮቹ ግራ ይጋባሉ። የዋናው አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ የዚህን 192.168.1.2 አድርጊ። ገመዱን ላን ከሚለው ቀዳዳ ሰኪ። ስሙና የይለፍ ቃሉ ከዋናው ጋር አንድ ይሁን። 2.4 ጊጋ ኸርዝ በሚሉት የዋይፋይ ሞገድ አንዱን ራውተር ቻናል 1፣ ሌላውን 6 ወይም 11 ላይ አድርጊ፤ የማይደራረቡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

የምጣዱን ነገር አላውቀውም። ምጣድ ሞገድ ሲስብ አይቼ አላውቅም።

ጡረተኛው ኤሌክትሪሺያን

ልጄ፣ እናትሽ እንዲሁ የሚናገሩ ሰው አይመስሉኝም። አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ራውተሩ የተሰካው የት ነው?

የሒሳብ ሠራተኛዋ

አባቴ፣ ማቀዝቀዣው ከቡፌው አጠገብ ስለሆነ በእሱ ስታቢላይዘር ላይ በማከፋፈያ ተሰክቷል። መብራት ከፍና ዝቅ ሲል እንዳይቃጠል ብለን ነው።

ጡረተኛው ኤሌክትሪሺያን

በቃ፣ ተገኘ። ምጣዱ እስከ 3 ወይም 4 ኪሎ ዋት ይጎትታል። መስመራችሁ ቀጭን ከሆነ ወይም ከትራንስፎርመሩ ከራቃችሁ 220 የነበረው ቮልት ይወርዳል። ስታቢላይዘሩ ሊያነሣው ይሞክራል፤ ካልቻለ ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ቮልቱ ሲመለስም ወዲያው አይከፍትም፤ የማቀዝቀዣው ሞተር እንዳይጎዳ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። ለማቀዝቀዣ ይህ ደግ ነው። ራውተሩ ግን በሌላው ሕመም መድኃኒት እየዋጠ ነው።

የራውተሩን ቻርጀር ገልብጠሽ አንብቢ። 100-240 ቮልት የሚል ከሆነ ያን ዝቅታ ራሱ ይችለዋልና ከስታቢላይዘሩ አውጥተሽ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ሰኪው። መብራት ሲጠፋም እንዲሠራ ከፈለግሽ ለራውተር የሚሸጡ ባለ ባትሪ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ ቮልቱ ከራውተርሽ ጋር አንድ ይሁን፣ ብዙ ጊዜ 12 ነው። ማድ ቤት ሄደሽም የምጣዱን መሰኪያ ከጋገራችሁ በኋላ ነቅለሽ ዳስሺው። የሚፋጅ ከሆነ ኢንተርኔቱን ተይውና ሽቦውን በወፍራም አስቀይሪ፤ እሳት የሚነሣው ከዚያ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ቻርጀሩ 100-240 ይላል። የምጣዱ መሰኪያ ግለቱ አስደንግጦኝ በማግስቱ ሽቦውን አስቀይሬአለሁ፤ አንደኛው ቀዳዳ ጠቁሮ ነበር።

ገመዱ ግድግዳውን ዞሮ 31 ሜትር ፈጀ። የመጀመሪያው ሱቅ ያመጣልኝን በምላጭ ፍቄ ነጭ ስላገኘሁበት መለስኩ፤ ባለ ሱቁ ከዚያ በኋላ ሰላምታዬንም አልመለሰልኝም። ከአሮጌው ራውተር ጋር ወንድሜ ሁለት ሌሊት ታገለ፤ ገመዱን ዋን በሚለው ቀዳዳ ሰክቶት ነበር። አሁን አልጋው ላይ ሆኖ ያጠናል፣ ወይም ያጠናል ብለን እናምናለን። ተከራያችንም የወሩን ክፍያ ሩብ እየቻለ ይጠቀማል።

ትልቁን ራውተር ከመስኮቱ በላይ ሰቅለነዋል። እናቴ ዳንቴሉን ለማልበስ ወንበር ላይ ስትወጣ ደረስኩባት፤ ከሥሩ እንዲነጠፍ ተስማማን።

ያለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ምጣዱ ተሰካ፣ እህቴም ደወለች። ሽቦው ቢቀየርም ከውጭ የሚመጣው መስመር ያው ነውና ስታቢላይዘሩ ላይ ቁጥሩ 178 ሲደርስ ቀጭ አለ፣ ማቀዝቀዣው ዝም አለ። ሁላችንም ስልኩን ተመለከትን። እህቴ ስለ አዲሷ አሠሪዋ ማውራቷን ቀጠለች፤ ምን ሆናችሁ ነው የምታፈጡብኝ አለችን።