ከቢሮ በወጣ ኮምፒውተር ላይ የቱ ይቅደም?

የማርቆስ ልጅ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ከቢሮ የወጣ ኮምፒውተር ገዝቼ ጌም እጫወትበታለሁ፤ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ፕሮሰሰር፣ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም፣ ሃርድ ዲስክና 240 ዋት ፓወር ሰፕላይ (ለክፍሎቹ ኃይል የሚያከፋፍለው) አለው። ጂቲኤክስ 1060 የተባለውን ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራውን ክፍል) ልጨምርበት አስቤያለሁና እናንተ በምን ትጫወታላችሁ፣ ምንስ ትመክሩኛላችሁ?

ጣና ዳር፦ ወንድሜ፣ 1060 ብቻውን እስከ 120 ዋት ስለሚስብና ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣ ባለ ስድስት ፒን ገመድ ስለሚፈልግ፣ የቢሮ ኮምፒውተሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህ ገመድ ስለማይኖራቸው፣ አይቸኩሉ። እኔ ባሕር ዳር ላይ በተመሳሳይ ኮምፒውተር የምጠቀመው ባለ 4 ጊጋባይቱን 1050 ቲአይ ካርድ ነው፤ 75 ዋት ስለሚበቃው አብዛኞቹ ሞዴሎች ከማዘርቦርዱ በሚያገኙት ኃይል ብቻ ይሠራሉ። የኬዙንም ስፋት ይለኩ፤ እኔ ሳልለካ ገዝቼ ክዳኑ አልገጥም ብሎኝ ነበር።

ዳሞት፦ እስማማለሁ። ሁለተኛ 8 ጊጋባይት ዲዲአር3 ራም ቢጨምሩ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ይጠቅምዎታል፤ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ግን ጌሙ የሚከፈትበትን ጊዜ ያሳጥራል እንጂ በሰከንድ የሚታየውን የፍሬም (የምስል) ብዛት እምብዛም አይጨምርም። ፍኖተ ሰላም ላይ መብራት በጨዋታ መካከል እየጠፋ ስላስቸገረኝ፣ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የገዛሁት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ነው።

የማርቆስ ልጅ፦ ከፍቼ አየሁት፤ ገመዱ የለም። እንግዲያው 1050 ቲአይ አፈላልጋለሁ።