እናቴን አኳሪየም ወስጃት የጠየቀችኝን መመለስ አቃተኝ

የጣና ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከባሕር ዳር ከመጣች ሁለት ወር ሆናት። ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ ተቀምጣ መስኮት ስታይ ስትውል አንጀቴን በላችው። ቅዳሜ ባልቲሞር ናሽናል አኳሪየም ይዣት ሄድኩ። ቲኬቱ ለሁለታችን 90 ዶላር ገደማ ነው። «በብር ስንት ይሆናል?» ስትለኝ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

አጀማመራችን አላማረም። እዚያ ቤት ወደ ላይ የሚወጣው በኤስካሌተር ነው፣ እሷ ደግሞ ኤስካሌተር ትፈራለች። ነጠላዋን ሰብስባ፣ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ፣ «በስመአብ» ብላ ረገጠችው። ከኋላችን ሰልፍ ተሠራ። ሊፍት እንዳለ ያወቅሁት ልንወጣ ስንል ነው፣ አትሳቁብኝ።

ጄሊፊሾቹን «የምን ንፍጥ ነው?» ብላ አለፈቻቸው። ዶልፊኖቹም ብዙ አልደነቋት። ላይ ጣሪያው ሥር ያለው ጫካ ውስጥ ስንገባ ግን ሙቀቱ ደስ አላት፣ ጃኬቷን አውልቃ አስያዘችኝ። ቀያይ ወፎች ከራሳችን በላይ ይበራሉ። «እዚህ ቢሆን አልጋ አንጥፌ እተኛ ነበር» አለች።

ከዚያ ወደ ሻርኮቹ ወረድን። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ገንዳው ዙሪያውን ከቦሃል፣ ጨለም ይላል። ጉልበቷን ስለሚያማት መሃል ላይ ቆምን። ጥርሱ አፉ አልበቃው ብሎ ወደ ውጭ የፈሰሰ አንድ ትልቅ ሻርክ መስታወቱን ታክኮ መጣ። ክንዷን ዘርግታ ለካችው። ልጅ ሆኜ ቆሮሶ የሚባለውን የጣና ዓሣ ስትገዛም እንዲሁ ነበረች። በስንዝር ትለካለች፣ ስንጥቡን ገልጣ ቅላቱን ታያለች፣ ያኔ ነው ገንዘቧን ከመቀነቷ የምትፈታው። እዚያ ቆማ ጥያቄዋን አከታተለችው።

«ቅድም ታች ያየናቸው ሻርኮች አጠገባቸው ያን ሁሉ ትናንሽ ዓሣ እያዩ ለምን አይበሉም? ይኼኛው ደግሞ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ እንዴት አይሰምጥም? ውኃው የባሕር ነው ካላችሁ ከዚህ ከደጁ ነው የሚቀዱት? እሱማ ቆሻሻ ነው።»

አፌን ይዤ ቀረሁ። እዚህ አገር ዲግሪ ይዣለሁ እኮ! ቤት ከገባን በኋላም አልተወችኝም፣ ቡና በተፈላ ቁጥር «አጣራህ ወይ?» ትለኛለች። የሚያውቅ ካለ ባካችሁ ገላግሉኝ።

ባልቲሞሬ፦

እናትህ ይማርካሉ! የውኃውን እኔ ልመልስ፣ በልጆቼ ምክንያት ያንን ቤት እንደ ጓዳዬ አውቀዋለሁ። ከደጁ አይቀዱም። የከተማውን የቧንቧ ውኃ ወስደው፣ ክሎሪኑን አስወግደው፣ ጨውና ማዕድን መጥነው ራሳቸው የባሕር ውኃ ይሠራሉ። ልክ እንደ ወጥ፣ ጨው እየመጠኑ። ያ ታች ያያችሁት የሻርክና የዓሣ ገንዳ ብቻውን ወደ 1 ሚሊዮን ሊትር ይይዛል።

እዚያ ገንዳ ውስጥ ድሮ ካሊፕሶ የምትባል አረንጓዴ ኤሊ ነበረች። የፊት እግሯ አንዱ ተቆርጦ በሦስቱ ነበር የምትዋኘው፣ ክብደቷ ከ500 ፓውንድ በላይ። በ2020 ሞተች። ትልቋ ልጄ እንደ ዘመድ ነው ያለቀሰችላት።

ለሚቀጥለው ዓርብ ማታ ሂዱ፣ ቅናሽ አላቸው፣ ሰውም ይቀንሳል። ዊልቸርም ያውሳሉ፣ እንዳታፍሩ። ደግሞ ከደጁ በ2024 የተከፈተ ተንሳፋፊ ረግረግ አለ፣ ውኃው ላይ ድልድይ መሰል መንገድ ሠርተው ሣር ያበቀሉበት። ነጻ ነው።

አምባዛ፦

እኔ ባሕር ዳር ዓሣ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ ለእማማ መልስ መስጠት ግዴታዬ ነው።

ሻርኮቹ የማይበሉት ስለጠገቡ ነው። በቀጠሮ ነው የሚመገቡት። ሻርክ እንደኛ በቀን ሦስቴ ካልበላሁ አይልም፣ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ይበቃዋል። ጠግቦ ደግሞ ጤነኛ ዓሣ አያሯሩጥም። አልፎ አልፎ አንዷን ዋጥ ቢያደርግ ግን አትገረሙ።

ጥርሱ የፈሰሰው ሳንድ ታይገር የሚባለው ነው። የሱ ነገር ለእማማ በቀላሉ ይገባቸዋል። ቆሮሶ ሆዱ ሲከፈት ያቺ ነጭ ፊኛ የምትገኘዋን ያውቋታል አይደል? ዓሣውን ሳይሰምጥ ውኃ መሃል የምታቆመው እሷ ናት። ሻርክ ግን ፊኛ የለውም። ሳንድ ታይገር ዘዴ አገኘ፦ ብቅ ብሎ አየር ይጎነጭና ሆዱ ውስጥ ይይዘዋል። ለዚህ ነው እንደተሰቀለ ነገር ቀጥ ብሎ የሚቆመው።

ለነገሩ ዓሣ ዓሣን ሲበላ ለማየት ባልቲሞር ድረስ መምጣት አያስፈልግም ነበር። ጣና ውስጥ የትም ዓለም የሌሉ ከአሥር በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፣ ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ አዳኝ ናቸው። የሚያሳዝነው ክረምት ላይ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጡ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሞተር ጀልባና ረጅም መረብ ከገባ ወዲህ ቁጥራቸው ክፉኛ ቀንሷል። በታንኳ ዘመን እንዲህ አልነበረም።

ዘጌ 12፦

ዋናው ጥያቄ ተረስቷል። እማማ አንዱንም ለዱለት አላሰቡትም? (ጾም ላይ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳትጀምሩ፣ ባለፈው ሦስት ቀን አልተኛንም።)

የጣና ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ቡና ላይ ሁሉንም አነበብኩላት።

የውኃውን ስትሰማ «ጨው ገዝተው ባሕር ይሠራሉ?» ብላ ረጅም ሰዓት ሳቀች። ፊኛዋ ጋ ስደርስ ስኒዋን አስቀመጠች። «አንተ አይደለህ እንዴ በእግርህ እየረገጥክ እንደ ጥይት የምታጮኻት? ጎረቤት ታስደነግጥ የነበረው!» አለችኝ። እውነትም ትዝ አለኝ። ቀኑን ሙሉ መልስ አጣሁ ስል መልሱን ልጅ ሆኜ ስረግጠው ኖሬያለሁ።

ጉማራ ስል ግን ዝም አለች። ከዚያ የእናቷ ወንድም ፎገራ እንደነበር፣ ክረምት ሲገባ ወንዙ ዳር እየወሰዳት ነጭ ዓሣው ውኃውን እየቀደደ ሲወጣ እንዳየች ነገረችኝ። «ድምፁን ነበር የምንሰማው፣ ሌሊት። ሻ ይላል» አለች። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ሰምቼው አላውቅም።

ዘጌ፣ ላንተም መልስ አላት፦ «ያ ጥርሳም ሥጋው ጅማት ነው የሚሆነው፣ እንዳትገዛ።»

ዓርብ ማታ ተመልሰን ልንሄድ ነው። መጀመሪያ ረግረጉን፣ ደንገል ካለበት ላይ ልየው ብላለች። ከዚያ ውስጥ። በሊፍት።