ከማርያም ወደ ሐና፣ ከሐና ወደ ኢያቄም፦ የኤርትስገቢርገ የብር መንገድ ጥቆማ

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ነገር በድምፅ መልእክት ጠየቀኝ። "ኤርትስገቢርገ ሄደሽ ነበር አሉ፤ ከየት እንጀምር? የቱ ዋሻ ይሻላል? ልጅ ይዞስ ይኬዳል ወይ?" ለሦስቱም ግማሽ ግማሽ መልስ ሰጥቼ ነበር። አሁን ሙሉውን አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ለማያውቀው፣ ኤርትስገቢርገ ማለት "የማዕድን ተራሮች" ማለት ነው። ከድሬስደንና ከኬምኒትስ በስተደቡብ፣ ጀርመንና ቼክ የሚዋሰኑበት ተራራማ አገር ነው። ፍራይበርግ አካባቢ ብር የተገኘው በ1168 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ጨው ጭነው የሚያልፉ ነጋዴዎች በጋሪ ጎማ የተፋቀ መሬት ላይ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አይተው አነሱ ይባላል። ከዚያ በኋላ ሰው እንደ ጉድ ጎረፈ። ዛሬ ብር የሚቆፍር የለም። ከተሞቹ፣ ዋሻዎቹና አብያተ ክርስቲያናቱ ግን አሉ፤ ዩኔስኮም በ2019 የጀርመኑንም የቼኩንም ወገን አንድ ላይ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

እኔን የሳበኝ ግን ዩኔስኮ አይደለም። ካርታ ላይ የከተሞቹን ስም ሳነብ ነው ሳቄ የመጣው። ማሪየንበርግ፣ የማርያም ተራራ። አናበርግ፣ የሐና ተራራ። ድንበሩን ሲሻገሩ ያኪሞቭ፣ በጀርመንኛ ዮአኪምስታል፣ የኢያቄም ሸለቆ። ልጅ፣ እናትና አባት በየተራራው ተደርድረዋል። ዮሴፍም አልቀረም፤ ዮሽታት የምትባል ትንሽ ከተማ በስሙ አለች። እናቴ ጋ ደውዬ ስነግራት "እና ሳትሳለሚ ልትመጪ ነው?" አለችኝ። እኔም መንገዴን በስማቸው አደረግሁት። ከፍራይበርግ ተነስቼ፣ በማሪየንበርግ አልፌ፣ አናበርግ አድሬ፣ በማግስቱ ድንበር ተሻግሬ ያኪሞቭ። ሁለት ቀን ይበቃል። ሦስት ከሆነ ደግሞ ሳትሯሯጡ ታያላችሁ።

መኪና ወይስ ባቡር? ብቻችሁን ከሆናችሁና ዶቸላንድቲኬት ካላችሁ (በመላው ጀርመን የሚሠራው የወር ቲኬት፤ በ2026 በወር 63 ዩሮ ነው) ፍራይበርግም አናበርግም በባቡር ይደረሳል። ፍራይበርግ ከድሬስደን ወደ ኬምኒትስ በሚሄደው መስመር ላይ ነው፤ አናበርግ ደግሞ ከኬምኒትስ በትንሹ ባቡር ነው። ችግሩ ዋሻዎቹ ከከተማ ወጣ ማለታቸው ነው፤ አውቶቡሱም ቅዳሜና እሁድ ይሳሳል። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ግን መኪና ተከራዩ። መንገዱ ቀላል ነው፤ ከፍራይበርግ አናበርግ ቤ 101 የሚባለው ጎዳና፣ ከአናበርግ ድንበር ቤ 95።

አንድ ነገር ከእኔ ተማሩ። እኔ የሄድኩት ጥቅምት መጨረሻ ነበር። መኪናውን ያከራየኝ ድርጅት (ስሙን አልጠራም) "ጎማው ለሁሉም ወቅት ነው" ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ድንበሩ አጠገብ ያለችው ኦበርቪዘንታል ስደርስ በረዶ ጀመረ። ዳገቱ ላይ መኪናዋ ወደ ጎን መንሸራተት ስትጀምር ወርጄ ጎማውን አየሁት። የበጋ ጎማ! በዚያ ሌሊት ያልታሰበ አልጋ ተከራየሁ። መልሼ ስደውልላቸው "ውሉ ላይ ፈርመሻል" ነው ያሉኝ። ጀርመን ውስጥ በረዶ ባለበት መንገድ በበጋ ጎማ መንዳት በሕግ ክልክል ነው፤ የሚነዳውም ይቀጣል። ስለዚህ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ጎንበስ በሉና ጎማው ላይ የተራራና የበረዶ ምልክቱን ፈልጉ። ወደ ቼክ መሻገር የተፈቀደ መሆኑንም ውሉ ላይ በጽሑፍ አስገቡ።

አሁን ወደ ዋሻዎቹ። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

በሦስቱ ገብቻለሁ። ፍራይበርግ ያለው ራይሸ ፄኸ ይባላል፤ የማዕድን ዩኒቨርሲቲው እስከ ዛሬ ተማሪ የሚያስተምርበት ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከ1765 ጀምሮ ያለ ነው። ቱታ፣ ሄልሜትና መብራት ይሰጧችኋል። ከዚያ የብረት ሳጥን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግታችሁ 150 ሜትር ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ሳጥኑ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃ ከላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ ጆሮ ይደፈናል። ታች ስንደርስ አስጎብኚው ሁላችንም መብራት እንድናጠፋ አደረገ። ጨለማ የሚባለውን ነገር ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እጄን አፍንጫዬ ላይ አስጠግቼ አላየሁትም። ከሁሉም አንደኛ የምለው ይህንን ነው። ግን ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው አይሞክረው፤ ታች ከወረዱ በኋላ "መውጣት እፈልጋለሁ" ማለት ቀላል አይደለም። ቀድማችሁ ደውላችሁ ቦታ ያዙ።

ልጆች ወይም ትልልቅ ሰዎች ካሏችሁ ግን አናበርግ አጠገብ ፍሮናው ያለው ማርኩስ ሮሊንግ ይሻላል። እዚህ ቁልቁል መውረድ የለም፤ ትንሽ ባቡር ላይ ተቀምጣችሁ ጎንበስ ብላችሁ ወደ ተራራው ትገባላችሁ። ውስጥ 9 ሜትር የሚሆን የእንጨት መንኮራኩር ቆሟል። በውሃ ጉልበት እየዞረ ሌላ ውሃ ከጉድጓድ የሚቀዳ ነበር። የጓደኛዬ ልጅ ያንን መንኮራኩር አይቶ ለሁለት ሳምንት ሌላ ነገር አልሳለም። ሦስተኛው ጎስነር ነው፤ አናበርግ መሃል ከተማ ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ ነው የሚገባው። አጭር ነው፣ በእግር ነው። የድሮ ቆፋሪ በመዶሻና በመሮ ብቻ የፈለፈለውን ግድግዳ ከዚህ አስጠግቶ የሚያሳይ የለም፤ የመሮው ጭረት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጊዜ ከሌላችሁ ይህ ይበቃል። በሦስቱም ቅዝቃዜው ነሐሴም ሆነ ጥር ያው ነው፣ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ። ሹራብ ያዙ። ጉብኝቱ በጀርመንኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መግቢያው ላይ "ግሉክ አውፍ" ይሏችኋል፤ የቆፋሪዎች ሰላምታ ነው፣ መልሱም ያው ነው።

ፍራይበርግ ላይ ከዋሻው ሌላ ቤተ ክርስቲያኑና የማዕድን ሙዚየሙ ቴራ ሚኔራሊያ አሉ። ሙዚየሙ ከ3500 በላይ ድንጋይ በአህጉር ከፍሎ ይዟል፤ ልጅ ይወደዋል፣ እኔ ከሁለተኛው አዳራሽ በኋላ ዓይኔ ደከመ። ቤተ ክርስቲያኑ ይበልጥብኛል። "የወርቅ በር" የሚሉት የድንጋይ ቅርጽ በ1230 ገደማ የተሠራ ነው፤ ከቅዱስ ላሊበላ ዘመን ብዙም አይርቅም።

ማሪየንበርግ ላይ ብዙ አትቆዩ። አደባባዩ በገመድ የተለካ አራት ማዕዘን ነው፣ በ1521 ከተማዋ ስትቆረቆር እንዲሁ ተነድፎ ነው። ቡና ጠጡና ቀጥሉ።

አናበርግ ግን ሌላ ነው። የቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ቆሞ ጣሪያውን ነው የሚያየው። እናንተ በስተኋላ ዙሩ። የቆፋሪዎቹ መሠዊያ ጀርባ ላይ ሐንስ ሄሰ የሚባል ሠዓሊ በ1521 የሳለው ሥዕል አለ። ቅዱሳን አይደለም የሳለው፤ የሥራ ቀን ነው። አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ በጋሪ ይገፋል፣ ሌላው ያቀልጣል፣ ብር ሲመታም ይታያል። እዚያ ቆሜ አርባ ደቂቃ ፈጀሁ። በዚያው ከተማ የሒሳብ ሰው አዳም ሪስ ይኖር ነበር፤ ጀርመኖች እስከ ዛሬ ሒሳብ ደምረው ሲጨርሱ "በአዳም ሪዘ መሠረት" የሚሉለት። የማዕድኑን ሒሳብ የሚይዝ ጸሐፊ ነበር። ቤቱ ሙዚየም ሆኗል።

ማደሪያ አናበርግ ይሻላል እላለሁ። ኦበርቪዘንታል የስኪ ከተማ ስለሆነ በበረዶ ወቅት ይወደዳል። አናበርግ ላይ ትንንሽ ፔንዚዮኖች አሉ፣ ቁርስ ጨምረው። ጾም ከሆነ አትጨነቁ። ሳክሰኖች (የዚህ አገር ሰዎች) የተቀቀለ ድንች በተልባ ዘይት ይበላሉ! አጠገቡ የሚያቀርቡትን አይብ መሳይ ነገር "ኦነ ኳርክ" ብላችሁ አስቀሩት። ተልባ ከማዶ እንዲህ ያገኘኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከክራንትሳል እስከ ኦበርቪዘንታል በከሰል የሚሄድ ጠባብ ባቡር አለ፤ ከ1897 ጀምሮ የሚሠራ ነው። በመኪና ሃያ ደቂቃ የሚፈጀውን 17 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ይወስዳችኋል። ጭሱ ልብስ ላይ ይቀራል። ቢሆንም ተሳፈሩ። ከላይ ያለው ፊሽተልበርግ 1215 ሜትር ነው። ጀርመኖቹ እዚያ ጫፍ ላይ ቆመው ትንፋሽ ይስባሉ፤ ለአዲስ አበባ ልጅ ቆላ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ይመለሳል። ስህተት ነው። ያኪሞቭ ከድንበሩ ብዙም አይርቅም። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ካርዳችሁን ያዙ፤ ፖሊስ ያስቆማል። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ያልተወሰነና ጌሽታቱንግ (የጊዜያዊ መቆያ ወረቀት) ላይ ያላችሁ ግን አትሻገሩ፣ በኋላ ጣጣ ነው። ቼክ ውስጥ በቀንም መብራት አብርቶ ነው የሚነዳው። ለሹፌር አንዲት ጠብታ ቢራ እንኳ አይፈቀድም። የአውራ ጎዳና ቀረጥ ለዚህ መንገድ አያስፈልግም። ገንዘቡ ኮሩና ነው።

ከተማዋ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ወደ ላይ የተዘረጋች አንዲት መንገድ ናት። ግማሹ ቤት ፈራርሷል። ታሪኳ ከባድ ነው። ማሪ ኪዩሪ ራዲየምን በ1898 ያገኘችበት ማዕድን የወጣው ከዚህ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የፖለቲካ እስረኞች ዩራኒየም እንዲቆፍሩ ተደርገዋል። የራዶን ፍልውሃ ሆቴሎቹ ዛሬም አሉ፤ ያ ግን ሐኪም አዝዞ የሚገባበት ሕክምና ነው፣ እንደ ፍልውሃችን ዘው ብሎ የሚገባበት አይደለም።

እኔ የሄድኩት ለድሮው ብር መምቻ ቤት ነው። የአካባቢው ባላባቶች፣ ሽሊክ የሚባሉት፣ በ1520 ገደማ ከዚህ ሸለቆ ብር ትልቅ ሳንቲም መምታት ጀመሩ። ቅዱስ ኢያቄም በአንድ ፊት፣ አንበሳ በሌላው። "ታል" ሸለቆ ነው። "ታለር" የሸለቆው ማለት ነው። ዶላርም የዚያው ቃል ልጅ ነው። የእኛዋ የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብርም ሙሉ ስሟ ታለር ነው። እዚህ አልተመታችም፤ ስሟ ግን እዚህ ተወለደ።

አያቴ የሰጠችኝን ጠገራ ይዤ ነበር። አንገት ላይ እንድትውል ጆሮ የተበየደላት ናት። 28 ግራም ነው ክብደቷ፣ 1780 ይላል ላይዋ፤ ከንግሥቲቱ ሞት በኋላ በማንኛውም ዘመን ብትመታ ያው 1780 ነው የሚለው፣ የሞተችበት ዓመት። ከመስታወቱ ውስጥ ካለው ከኢያቄም ሳንቲም ጋር አስጠግቼ ያዝኳት። ቲኬት የምትቆርጠው ሴትዮ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። እጇን ዘረጋች፣ ሰጠኋት። በመዳፏ ከፍ ዝቅ አድርጋ መዘነቻት፣ ንግሥቲቱ ጉንጭ ላይ አያቴ በጣቷ ያሸችበትን ቦታ ዳሰሰች።

"ቶላር" አለች በቼክኛ።

"ጠገራ" አልኳት።

ደጋግማ ሞከረች። "ጠ" አቃታት። "ቴጌራ" ብላ ሳቀችና መለሰችልኝ።