ፀሐይ በማይደርስበት የባሕር ወለል ላይ ያሉ እንስሳት ምን በልተው ይኖራሉ?

የሳይንስ_መምህር፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። 8ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ትናንት የምግብ ሰንሰለት ላይ ነበርን። እንደ ወትሮዬ ሰሌዳው ጫፍ ላይ ፀሐይ ሣልኩ፣ ከሥሯ ሣር፣ ከዚያ በሬ፣ ከዚያ ሰው። "የምንበላው ሁሉ መነሻው ፀሐይ ናት" ብዬ ሳልጨርስ አንዲት ልጅ ከኋላ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ባሕሩ ሥር ጨለማ ከሆነ እዚያ ያሉትን ማን ያበላቸዋል?" ከላይ የሚወድቅ ፍርፋሪ ይበላሉ አልኳት። "ፍርፋሪው ለሁሉም ይበቃል?" አለችኝ። ነገ አጣርቼ እነግርሻለሁ ብያት ወጣሁ። ስልኬ ላይ ያነበብኩት እርስ በርሱ ይጋጫል። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ። ደግሞስ እዚያ ድረስ ማን ወርዶ አየው?

ድንጋይ_አንባቢ፦
መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ተማሪዎ ይህን ከ1977 በፊት ብትጠይቅ ኖሮ የትኛውም ፕሮፌሰር ከእርስዎ የተሻለ መልስ አልነበረውም። ነገሩ የታወቀው በዚያ ዓመት ነው፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ቦታው ፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ጋላፓጎስ ደሴቶች አካባቢ፣ 2,500 ሜትር ጥልቀት ላይ።

የሄዱት እንደኔ ድንጋይ የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው። የሚፈልጉት ፍል ውሃ ነበር። ሁለት የምድር ፕሌቶች (የምድር ቅርፊት ትልልቅ ቁራጮች) በሚለያዩበት ስንጥቅ የባሕር ውሃ ይገባል፣ ከሥር ባለው ማግማ፣ ማለትም በቀለጠ ድንጋይ፣ ይግላል፣ ማዕድን አሟሙቶ ተመልሶ ይወጣል ብለው ይጠረጥሩ ነበር። መጀመሪያ ካሜራና ቴርሞሜትር የታሰረበት የብረት ቋት በረጅም ገመድ አውርደው ከወለሉ በላይ ጎተቱ። አንድ ቦታ ላይ ሙቀቱ ለጥቂት ደቂቃ ከፍ ብሎ ወረደ። ፊልሙ ሲታጠብ ከ3,000 ያህል ፎቶ ውስጥ 13ቱ ላይ ብቻ ጥቁሩ ድንጋይ በነጫጭ ዛጎሎች ተሸፍኖ ታየ። ከዚያ አልቪን የምትባለው ሦስት ሰው የምትይዝ ሰርጓጅ ወረደች። ባዶ ምድረ በዳ ነው ተብሎ በሚታሰበው ወለል ላይ ዛጎል፣ ሸርጣን፣ ትል ተትረፍርፎ አገኙ። መርከቡ ላይ አንድም የባዮሎጂ ሰው አልነበረም። ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ፎርማሊን ጥቂት ስለነበራቸው ከፓናማ በገዙት ቮድካ ውስጥ ነው ናሙናውን የዘፈዘፉት! ያመጡትን ውሃ ሲከፍቱት ደግሞ የገለማ እንቁላል ሸተተ። ያ ሽታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል የድኝ ጋዝ ነው፣ የልጅቷ መልስ የተደበቀውም እሱ ውስጥ ነው።

ለተማሪዎችዎ አፋርን ይንገሯቸው። እዚያ የሆነው የመሬት መለያየት ባሕር ሥር ካለው ጋር አንድ ዓይነት ነው። መስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን መሬት በቀናት ውስጥ ተሰነጠቀ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፋ። እዚያ መስክ ወጥቼ አውቃለሁ። ስንጥቁ አፍ ላይ ቆሜ የማስበው ባሕር ሥር ያለውን ነበር።

ላብራቶሪ_ነኝ፦
ከላይ ያለው ወንድሜ ባቆመበት ልቀጥል። ከእነዚያ እንስሳት በጣም የሚገርመው ቱቦ ውስጥ የሚኖረው ትል ነው። እስከ 2 ሜትር ያድጋል። ጫፉ ላይ ደም የመሰለ ቀይ ላባ አለው፣ ቀለሙም የእውነት የደም ነው፣ እንደኛው ሄሞግሎቢን። ግን አፍ የለውም። አንጀትም የለውም። ሰዎች ቆርጠው አዩት፣ ግራ ገባቸው።

የፈታችው ኮሊን ካቫና የምትባል የሃርቫርድ ተማሪ ናት። አንድ የትል ባለሙያ ትምህርት ሲሰጥ ቁጭ ብላ ትሰማለች። ሰውየው በትሉ ሰውነት ውስጥ የድኝ ቅንጣት አገኘሁ ሲል ብድግ አለች፣ ውስጡ ሰልፋይድ የሚጠቀም ባክቴሪያ አለ ማለት ነው አለች። ጥናቷ በፈረንጆቹ 1981 ታተመ። ትሉ በቀይ ላባው ሰልፋይድና ኦክስጅን ይይዛል፣ በደሙ ወደ ውስጥ ያደርሳል። እዚያ የታጨቁት ባክቴሪያዎች ሰልፋይዱን ከኦክስጅን ጋር አዋህደው በሚያገኙት ጉልበት ምግብ ይሠራሉ፣ ትሉንም ይመግባሉ። ሣር በብርሃን የሚሠራውን እነሱ በኬሚካል ይሠሩታል። ስሙ ኬሞሲንተሲስ ይባላል። ስለዚህ ፀሐይ አያስፈልጋቸውም።

ከበርገን፦
እዚህ ላይ ትንሽ ላርም፣ ልጆች ጋ ስለሚደርስ። "ፀሐይ አያስፈልጋቸውም" የሚለው ሙሉ አይደለም። ያ ኦክስጅን ከየት መጣ? ላይኛው ውሃ ላይና የብስ ላይ ካሉ ዕፅዋት፣ በፀሐይ ብርሃን። መምህር፣ የእርስዎም መልስ ስሕተት አልነበረም። አብዛኛው የባሕር ወለል የሚኖረው በፍርፋሪ ነው፣ ከፍል ውሃ ርቆ ያለ ሁሉ። አንድ ዓሣ ነባሪ ሞቶ ሲሰምጥ ለብዙ ዓመት ድግስ ነው። ቅዝቃዜው ራሱ ያስቆያል፦ በፈረንጆቹ 1968 አልቪን ገመዷ ተበጥሶ 1,500 ሜትር ላይ ሰጠመች። ሰዎቹ አምልጠው ወጡ፣ ምሳቸው ግን ውስጥ ቀረ። በማግስቱ ዓመት ሲያወጧት ሳንድዊቹም ፖሙም ውሃ ጠጥቷል እንጂ አልበሰበሰም።

የሳይንስ_መምህር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ታዲያ ሰሌዳው ላይ እንዴት ልሣለው? ግፊቱንስ በምን ላሳያቸው? ቁጥር ብቻ ከሆነ አይገባቸውም።

ከበርገን፦
ከታች በኩል ሁለተኛ መነሻ ይሣሉ፣ ስንጥቅና ድኝ። ከፀሐይዋም ወደዚያ ቀጭን ቀስት ያውርዱ፣ "ኦክስጅን" ብለው ይጻፉበት።

ግፊቱ በየ10 ሜትሩ አንድ ከባቢ አየር (ባሕር ዳር ላይ አየሩ የሚጫነንን ያህል) ይጨምራል፣ 2,500 ሜትር ላይ 250 ያህል ማለት ነው። የማሳይበት አለኝ። በጥናት መርከብ ስንወጣ የፎም ኩባያ ላይ ስማችንን በማርከር ጽፈን፣ በመረብ ከመሣሪያው ጋር አስረን እናወርዳለን። የኔ ትልቅ የሻይ ኩባያ ነበረች። ስትወጣ ከቡና ሲኒ አንሳለች፣ ግን አልተሰበረችም። አየሩ ተጨምቆ ወጥቶ ነው፣ ስሜም አብሮ ጠቦ ፊደሉ ሁሉ ይነበባል። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናት። አጠገቧ ያልወረደች አንድ ኩባያ አስቀምጬ ፎቶ ላንሳልዎ፣ በውስጥ መስመር እልካለሁ።

የሳይንስ_መምህር፦
ዛሬ ማታ ከላክህልኝ ነገ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አሳያቸዋለሁ። ልጅቷን ራሷን አውጥቼ ነው ቀስቱን የማስለው።