እህቴ «ለገና» ያስገጠመችው ሂት ፓምፕ የታክስ ቅናሽ ያስገኝላታል?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ታላቅ እህቴ የምትኖረው ሚኒሶታ ነው። የሌሊት ፈረቃ ስለምትሠራ ወረቀት የማየት አቅም አይተርፋትም፤ የቤቷን ሂሳብ በቴሌግራም እየተላላክን እኔ ነኝ የምይዝላት። የድሮው የጋዝ ማሞቂያዋ ባለፈው ብርድ ሁለቴ ቆመባትና እናታችን የላከችላትን ጋቢ በብርድ ልብስ ላይ ደርባ ነበር የምታድረው። ስለዚህ ዘንድሮ ሂት ፓምፕ አስገጠመች፣ ያ በብርድ ጊዜ የሚያሞቀው፣ በሙቀት ጊዜ ደግሞ የሚያቀዘቅዘው ማለቴ ነው። ከነሠራተኛው 11,400 ዶላር ወጣባት። የመብራት ድርጅቱ 1,400ውን መለሰላት። ሁለት መስኮትም በ1,800 ገዝታ አስቀየረች።

አንዱ ጓደኛዋ «የሁሉንም 30 በመቶ መንግሥት ይመልስልሻል» አላት። ሌላዋ «ሕጉ ተሽሯል፣ አትልፊ» አለቻት። ሥራው ያለቀው «ለገና» ነው ብላኛለች። የቱ ነው ትክክል? ብሩን ለእማዬ የዓይን ሕክምና ነው ያሰበችው፣ ስለዚህ እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ጮቄ ማዶ፦
ወንድምዓለም፣ እንኳን ቤቷ ሞቀላት። አሜሪካ ሳለሁ የብዙ ሰው ታክስ ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርህ። ሁለቱም ጓደኞቿ ግማሽ ግማሹን ነው የያዙት። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቃት። የትኛው ገና?

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ይህን የታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ኃይል ለሚቆጥብ የቤት ዕቃ ከታክስ ላይ የሚቀነሰውን ገንዘብ፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚገጠም ዕቃ አቁሞታል። በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 መሆኑ ነው። የፈረንጆቹ ገና ከዚያ በፊት ነው፣ የኛ ገና ታኅሣሥ 29 ደግሞ ከዚያ በኋላ። ለእናቷ ልጅ ስታወራ በኛ ወር ቆጥራ ከሆነስ? ደግሞ የሚታየው የከፈለችበት ቀን አይደለም። ኖቬምበር ላይ ሙሉውን ከፍላ ዕቃው ጃንዋሪ ላይ ከተገጠመ አይያዝላትም። ተገጥሞ ሥራ የጀመረበትን ቀን ነው የሚያዩት። የሠራተኞቹን የመጨረሻ ደረሰኝ ፎቶ አንስታ ትላክልህ።

ጣና ዳር፦
ጥያቄውን ስላነሳችሁት እኔም ልጠይቅ። አጎቴ ሜሪላንድ ነው ያለው፣ ባለፈው ዓመት ባህር ዳር በሠራው ቤት ኤሲ አስገብቷል። ያ ይያዝለታል? ሜሪላንድም የሚያከራየው ሌላ ቤት አለው።

ጮቄ ማዶ፦
የባህር ዳሩ አይያዝም። ቤቱ አሜሪካ ውስጥ መሆን አለበት፣ አዲስ የሚሠራ ሳይሆን የነበረ ቤት። የሚያከራየውም እሱ ራሱ የማይኖርበት ከሆነ በዚህ ክሬዲት አይገባም። የሚገርመው ግን ተከራይ ሆኖ በሚኖርበት ቤት በራሱ ገንዘብ ያስገጠመ ሰው መጠየቅ ይችላል።

የማርቆስ ልጅ፦
አገኘኋት። ከሥራ እስክትወጣ ጠብቄ ነው የደወልኩት። ሂት ፓምፑ ያለቀው ዲሴምበር 19 ነው፣ ደረሰኙ ላይ አለ፣ ተመስገን! መስኮቶቹ ግን ጃንዋሪ 6 ነው የተገጠሙት። የከፈለችው ኖቬምበር ላይ ነበር። «ለገና» ያለችው ለካ የኛን ዋዜማ ነው። ስለዚህ ስንት ታገኛለች?

ጮቄ ማዶ፦
የመስኮቱ ነገር አዝናለሁ፣ ቀርቷል። በጊዜው ቢገጠም ኖሮ የዕቃው 30 በመቶ 540 ዶላር ይያዝላት ነበር።

የሂት ፓምፑን እንሥራ። መጀመሪያ የመብራት ድርጅቱ የመለሰውን ቀንስ፣ 10,000 ይቀራል። የመግጠሚያው የጉልበት ዋጋ ለሂት ፓምፕ ይቆጠራል፣ እሱን አትንካው። የ10,000 ሠላሳ በመቶ 3,000 ነው። ለሂት ፓምፕ ግን የዓመቱ ጣሪያ 2,000 ዶላር ስለሆነ ከዚያ አያልፍም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ። ይህ ገንዘብ በእጅ የሚሰጥ ሳይሆን ከታክስ ላይ የሚቀነስ ነው። የ2025 ጠቅላላ ታክሷ 1,500 ብቻ ከሆነ 1,500 ነው የሚቀነስላት፣ የተረፈው 500 ወደሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም። ጠቅላላ ታክስ ስል ደግሞ መጨረሻ ላይ «ይቀርሻል» የሚላትን አይደለም። ከየደመወዟ ሲቆረጥባት የከረመው እዚህ ውስጥ አለ። የዓመት ታክሷ 3,100 ሆኖ ሁሉም ከደመወዟ ተቆርጦ ካለቀ፣ 2,000ው ተመላሽ ሆኖ ይመጣላታል።

ሌላው፣ ሂት ፓምፕ የተባለ ሁሉ አያልፍም፤ የኃይል ቁጠባ ደረጃውን ማሟላት አለበት። የገጠሙላትን ሰዎች የሞዴሉን ቁጥርና የአምራቹን ማረጋገጫ ትጠይቃቸው። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ አምራቹ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ያገኘው ባለ አራት ፊደልና ቁጥር መለያ፣ ክሬዲቱ በሚጠየቅበት ፎርም 5695 ላይ መሞላት አለበት። እሱ ከሌለ ክሬዲቱን አትጠይቁ፣ መጀመሪያ መለያውን ፈልጉ።

እነብሴ፦
በጮቄ ማዶ ላይ ልጨምር። የዓመቱ ታክስ ማስገቢያ የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 15 ነው፣ ሚያዝያ 7 መሆኑ ነው። ያለዚህ ፎርም አስገብታ ከሆነም አትደንግጥ። ካስገባችበት ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ በማስተካከያው ፎርም 1040-ኤክስ ማስተካከል ይቻላል። የታላቅ እህቴን የ2023ቱን እንደዚያ ነው ያስተካከልነው፣ ወራት ጠብቀን ገንዘቡ መጣ።

የማርቆስ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ገና አላስገባችም። ጠቅላላ ታክሷን አየሁት፣ ከ2,000 በላይ ነው። ለገጣሚዎቹ የሞዴሉን ቁጥርና መለያውን የሚጠይቅ መልእክት ጽፌላታለሁ፣ ከእንቅልፏ ስትነሳ ትልከዋለች። ለእማዬ ደግሞ ዛሬ ማታ ራሴ እነግራታለሁ።