ክርክር፦ «ለሙሽራ» የሚባለው የሚያቀላ ክሬም ከደሴና ከኮምቦልቻ ሱቆች ይታገድ?

አወያይ፦ የጥር ሠርግ ሲቃረብ፣ ረመዳን አልፎ የሸዋል ኒካሕ ሲደራረብ፣ የሚያቀላ ክሬም ገበያው ይደራል። አንዳንድ ሳሎንም ራሱ ቀላቅሎ ጽሑፍ በሌለው ዕቃ ይሰጣል። ጥያቄው ይህ ሽያጭ ጨርሶ ይታገድ ወይስ ሙሽራዋ ራሷ ትምረጥ ነው።

ፋርማሲስት፣ ደሴ፦ ይታገድ። መቅላት ይወደድ አይወደድ የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ ጉዳዩ ቱቦው ውስጥ ያለው ነገር ነው። «ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ» የሚል ክሬም መድኃኒት ነው፤ ያውም ከስቴሮይድ ቅባቶች (የቆዳ ብግነት ከሚያበርዱት) ኃይለኛው። ለጠና ኤግዚማና ቅርፊት ለሚያወጣው ሶሪያሲስ ለሚባል የቆዳ ሕመም በሐኪም ይታዘዛል፤ በተከታታይ ከ2 ሳምንት፣ በሳምንት ደግሞ ከ50 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ፊት ላይም አይቀባም። ሙሽራዋ ግን ሁለት ወር ሲቀራት ጀምራ ጠዋት ማታ ፊቷን ትቀባዋለች።

መጀመሪያ ላይ ያምራል፤ የቆዳውን ቁጣና ብጉሩን ያከስመዋል፣ ፊት ይጠራል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ ጉንጭ ላይ ቀይ ክር የመሰለ የደም ሥር ብቅ ይላል። ስታቆመው ፊቷ ይነድዳል። አፍ ዙሪያውን እዩት፦ ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ ደቃቅ ሽፍታ ይሰፍርና ከንፈሩን የሚከብበው ቀጭን መስመር ብቻ ሳይነካ ይቀራል። ይህ የሚብሰው ካቆሙት በኋላ ስለሆነ፣ ሠርጉ ሲደርስ «አሁንስ ይብቃኝ» ያለች ሙሽራ ሽፍታው የሚወጣባት ልክ በሠርጓ ሰሞን ነው።

የኮስሞቲክስ ነጋዴ፣ ኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ በክሎቤታሶሉ እስማማለሁ፤ የፋርማሲ ዕቃ ነው። ግን ሁሉንም አንድ ላይ አትጨፍልቁት። ኒያሲናማይድ፣ ቫይታሚን ሲ፣ አዜላይክ አሲድ የብጉር ጥቁረትን በወራት ቀስ እያሉ የሚያደበዝዙ ናቸው፤ ሊቆጠቁጡ ቢችሉም እንደ ስቴሮይድ ቆዳ አያሳሱም። «የሚያቀላ» የሚለውን ቃል አይታችሁ ሱቅ ብታሽጉ ገዢዋ ወደ ቴሌግራም ትሄዳለች፤ ሻጩን ማን ያገኘዋል? ጽሑፍ የሌለው አይሸጥ፣ በቃ።

የቆዳ ክፍል ነርስ፦ ጽሑፍ ብቻውን አያድንም። ሜርኩሪ ያለበት ክሬምና ሳሙና ብዙ ጊዜ ስሙን ይደብቃል፤ ከጻፈም «ካሎሜል» ብሎ ነው። አንድ ምልክት ልንገራችሁ፦ «ወርቅና ብር አይንካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ጠርጥሩ፤ ሜርኩሪ ወርቅን ያበላሻል። ጥሎሽ ለምታጠልቅ ልጅ ይህን መንገር የሁሉም ግዴታ መሆን አለበት። ኩላሊት ይጎዳል፤ በፎጣና በትራስ ጨርቅ ወደ ቤተሰብ፣ ወደ ሕፃንም ይሸጋገራል። ሃይድሮኪኖን የሚባለውን የሚያቀላ ኬሚካልም የአውሮፓ ኅብረት ከቆዳ ማቅያ ያስወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ አለልክ ሲቆይ ጉንጭ ላይ ሰማያዊ ያዘለ ጥቁረት ያመጣል፣ እሱ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም።

ለነጋዴው ልመልስ፤ አዲስ እገዳም አያሻም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያንም ይመለከታል። የጎደለው ሱቅ ድረስ የሚወርድ ቁጥጥር ነው።

ሳሎን ባለቤት፣ ደሴ፦ ከሱቁ በላይ የሚያስፈራኝ ቅልቅሉ ነው፤ የሙያ አጋሮቼ ቢቀየሙም እላለሁ። የክሎቤታሶል ቱቦ የገላ ሎሽን ውስጥ ይጨመቃል፤ መጠኑን የቀላቀለውም አያውቀውም። መላ ገላን አንዴ ለመቀባት ብቻ 30 ግራም ገደማ ይሄዳል፤ በየቀኑ ስታደርጉት አስቡት። ብብትና የጭን ውስጥ ቆዳ ስስ ስለሆነ ይሰነጠቃል፤ ያ መስመር አይጠፋም። ለሜካፕም አይመችም። የሳሳ ቆዳ ይላጣል፣ ፋውንዴሽኑ አፍንጫ ዳር ይሰባበራል። ፊት ሲቀላ የጣት አንጓና ክርን ይጠቁራል፤ ቀለበት ሲጠለቅ ካሜራው የሚያነሳው እጇን ነው።

እኔ ለሙሽራ የምሰጠው ሌላ ነው። ሦስት ወር ቀደም ብላ ለስላሳ ማጠቢያ፣ እርጥብ ቆዳ ላይ ማለስለሻ፣ ጠዋት ኤስፒኤፍ 30 የፀሐይ መከላከያ ክሬም (ሰንስክሪን)፤ ለፊትና ለአንገት የሁለት ጣት ርዝመት፣ ፀሐይ ላይ ከሆነች በየ2 ሰዓቱ መድገም። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዱ ፀሐዩን ያስረሳል እንጂ ጨረሩ ከኮምቦልቻ ይበረታል። አዲስ ነገር ፊት ከመንካቱ በፊት ክንድ ውስጥ ተቀብቶ 48 ሰዓት ይጠበቃል። ፌሻል ከሠርጉ አንድ ሳምንት ወዲህ የለም፤ ቅንድብና ሰም 2 ወይም 3 ቀን ሲቀር። ሎሚ ፊት ላይ ቀብቶ ፀሐይ መውጣት ያቃጥላል፣ ጥቁረት ይተዋል።

እናት፣ የቦለቅያ (የሙሽራ የጢስ መታጠን) ባለሙያ፦ ልጆቼ፣ ክሬሙ ምን ያደርጋል? የወሎ ሙሽራ ቅቤዋን ተቀብታ፣ የወይባ እንጨት ጉድጓድ ውስጥ ሲጨስ በብርድ ልብስ ተሸፍና አንገቷን አውጥታ ትቀመጣለች። ያልባታል፣ የሞተው ቆዳ በእጅ ሲያሹት ይለቃል፣ ገላዋ ወዝ ይይዛል። ጥድፊያ አይወድም እንጂ ጉዳት የለውም።

የቆዳ ክፍል ነርስ፦ እትዬ፣ ወዙን አልክድም፤ ወጋችንም ነው። «ጉዳት የለውም» ያሉት ላይ ግን ልያዝዎ። በር ተዘግቶ የሚጨስ እንጨትና ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከመጣ ወዲያው ውጭ መውጣት ነው። በሩ ይከፈት፣ ውሃ ትጠጣ፣ ነፍሰ ጡር አትግባ። በክሬም የሳሳ ወይም በሰም የተነቀለ ገላ ደግሞ ከጢሱ ይራቅ።

የቦለቅያ ባለሙያ፦ በሩንስ ልክ ነሽ፣ ይከፈት። ብርዱን ፈርተው ነው የሚዘጉት።

ፋርማሲስት፦ ጥቁር ሂናንም ጨምሩበት። ንጹሕ ሂና ብርቱካናማ ሆኖ ይጀምርና በ48 ሰዓት ውስጥ እየጠቆረ ቡናማ ይሆናል። ወዲያው ከሰል የሚመስለው ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ኬሚካል፣ ፒፒዲ፣ ገብቶበታል፤ ውሃ ያቋጥራል፣ ጠባሳ ይተዋል።

የኮስሞቲክስ ነጋዴ፦ እሺ፣ ስቴሮይድና ሜርኩሪ ይውጣ፤ ሌላው ላይ ግን አልለቅም። ሠርጓ 12 ቀን የቀራትና ክሎቤታሶል ወር የተቀባችውን ምን እንበላት? አቁሚ?

የቆዳ ክፍል ነርስ፦ ወር የቆየችዋ በራሷ ድንገት አታቁም፣ መጠንም አትጨምር። ቱቦውን ወይም የሳሎኑን ዕቃ ይዛ ዛሬውኑ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወይም ሌላ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ ወደ ደካማ ስቴሮይድ እያወረደ የሚያስተዋት እሱ ነው። እስከዚያ እሬት፣ እርድ፣ ስክራብ፣ ፌሻል ምንም አትንካ፤ ለብ ባለ ውሃ ታጥባ፣ ሌላ የምትቀባው ሽቶ የሌለው ቫዝሊን ብቻ ይሁን። ለሜካፕ ሠሪዋም ትንገራት፤ በስፖንጅ እየነካች ትጫን እንጂ በብሩሽ አትፈትግ።