ለአሮጌ ዴል ላፕቶፕ የትኛው ሊኑክስ ይሻላል?

መምህርት ከደሴ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። የአማርኛ መምህርት ነኝ። ላፕቶፔ ዴል ላቲትዩድ ኢ6430 ነው፤ ኮር አይ5 ሦስተኛ ጄኔሬሽን፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ። ዊንዶውስ 10 ነው የተጫነበት፤ እስኪከፈት ቡና አፍልቼ እደርሳለሁ። ማይክሮሶፍት ደግሞ ለ10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ወደ 11 ልሂድ ብል ፕሮሰሰሩ አይፈቅድም። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ጫኚ የሚለኝ በዛ፤ ዓይነቱ ግን ብዙ ነው፤ አንዱ ኡቡንቱ ይላል፣ ሌላው ፌዶራ፣ የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ካሊ ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። የምሠራው ፈተና ማውጣት፣ ማርክ መሙላት፣ ቴሌግራም፣ አልፎ አልፎ ዩቲዩብ። ኔቴ የስልክ ፓኬጅ ነው። የቱን ልጫን?

ባለ ተርሚናል፦

አርች የሚባለውን ሊኑክስ ይጫኑ መምህርት። የማይፈልጉት ነገር አንድም አይኖርበትም፣ ኮምፒውተርዎንም ከሥር ከመሠረቱ ያውቁታል። ሁሉም ነገር የአርች መመሪያ ድረ ገጽ (ዊኪው) ላይ ተጽፏል።

ጥገና ቤት፦

ወንድሜ፣ መምህርቷ የመጡት ፈተና ሊያወጡ እንጂ ሊፈተኑ አይደለም። አርች ጥሩ ነው፤ ግን ወር ሁለት ወር ሳይዘምን ከከረመ በኋላ የሚያወርደው ብዛት በስልክ ፓኬጅ የሚሞከር አይደለም። ካሊ ደግሞ የደህንነት ፍተሻ ለሚሠሩ የተሰናዳ ነው፤ ለጀማሪ እንደማይሆን ሠሪዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል።

መምህርት፣ እኔ ላፕቶፕ ጠግኜ ነው የምኖረው፤ ኢ6430 በእጄ ብዙ አልፏል። ስም ከመምረጥዎ በፊት ዲስኩን ያስቡበት። ያ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ እስካለ ድረስ ምንም ቢጫን ቡናውን ማፍላትዎ አይቀርም። በእሱ ፋንታ ባለ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ይበቃዎታል። ራሙ ሁለት መሰኪያ አለው፤ አንዱ ባዶ ከሆነ ባለ 4 ጨምረው 8 ያድርሱት። ዲዲአር3 ብለው ይግዙ፤ ሻጩ ዲዲአር4 ቢሰጥዎ አይገባም።

ከዚያ ሊኑክስ ሚንትን ይጫኑ፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚለውን ቀለል ያለ ገጽታ ያለውን። ምክንያቴ ፓኬጅዎ ነው። ኡቡንቱ አይከፋም፣ ሚንትም የተሠራው ከእሱ ነው። ግን ኡቡንቱ ፋየርፎክስን ጨምሮ አንዳንዱን ፕሮግራም የሚሰጠው ስናፕ በሚባለው የራሱ የፕሮግራም ማከፋፈያ ነው፤ ስናፕ ደግሞ ካልከለከሉት ሳይጠይቅ ከጀርባ ራሱን ያዘምናል። የቢሮ ዋይፋይ ላለው ሰው ምንም አይደል። በፓኬጅ ለሚኖር ግን ማታ የገዛው ጊጋ ጠዋት የለም። ሚንት ስናፕን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ዘግቶታል፤ ማዘመኛውም ዝርዝሩን አሳይቶ እስኪያዙት ይጠብቃል። ፌዶራ በየ6 ወሩ አዲስ ያወጣል፣ አንዱን የሚደግፈውም 13 ወር ገደማ ነው። ሚንት 22 እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ይቆያል። ማን በየዓመቱ ይጭናል?

ዋይፋዩን ግን አስቀድመው ይወቁት። አንዳንዱ ኢ6430 የኢንቴል ካርድ አለው፤ እሱ ወዲያው ይሠራል። አንዳንዱ ብሮድኮም ነው፤ ተጭኖ ሲያልቅ ዋይፋይ የሚባል ነገር አይታይም። ሰው «ሊኑክስ ላፕቶፔን አበላሸው» ብሎ ይዞልኝ የሚመጣው በዚህ ነው። ስልክዎን በገመድ ይሰኩ፣ ስልኩ ላይ ዩኤስቢ ቴተሪንግ ያብሩ፣ ላፕቶፑ ኔት ያገኛል። ከዚያ ድራይቨር ማኔጀርን ከፍተው ብሮድኮም የሚለውን ይምረጡና ዘግተው ያስነሱት።

ዝምተኛው፦

ዴቢያን 13 የሚባለው ሊኑክስስ? መጫኛው እኮ 1 ጊጋ እንኳን አይሞላም። የሚንት ግን 3 ጊጋ ገደማ ነው።

ጥገና ቤት፦

መጫኛው ትንሽ ነው፣ ቀሪውን እየጫነ ከኔት ይጎትታል። ሒሳቡ ያው ነው። ደግሞ ሚንቱን አንዴ ፍላሽ ላይ ካሰፈሩት ለመላው መምህራን ይበቃል።

መምህርት ከደሴ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርዱን አሁን አየሁት፣ ብሮድኮም ነው። ሁለት ነገር ረሳሁ፦ የድሮ ፈተናዎቼ የተጻፉት ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ማታ ማታ ፒችትሪ የሚባለውን የዊንዶውስ የሒሳብ ፕሮግራም ይሠራበታል።

ጥገና ቤት፦

ፒችትሪ ካለማ ነገሩ ሌላ ነው። በዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው) እንሞክረው የሚልዎት ይኖራል፤ እሺ አይበሉ፣ የሰው ሒሳብ ነው። ዊንዶውሱን አያጥፉት። የዚህ ላፕቶፕ የሲዲ ማጫወቻ ይወጣል፤ በቦታው ሃርድ ዲስክ የሚያስገባ ካዲ የሚባል ነገር ይሸጣል። አሮጌውን ዲስክ ከነዊንዶውሱ እዚያ ያስገቡት፣ ኤስኤስዲው ዋናው ቦታ ላይ ይግባ፣ ሚንትም እሱ ላይ ይጫን። ሲበራ ኤፍ12 ተጭነው ይመርጣሉ። ባለቤትዎ ለሒሳብ ብቻ ይግቡበት፣ ኔት አይክፈቱበት። ዊንዶውሱ ላይ ፋስት ስታርትአፕ የሚለውን ያጥፉ፤ አለዚያ ከሚንት ሆነው ፋይሎቹን ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችሉም።

ቪዥዋል ግዕዙ ቀላል ነው። የፎንቱን ፋይል ከዊንዶውስ ቀድተው ሚንቱ ላይ ይጫኑት፤ ያለ እሱ ሊብሬኦፊስ (የሚንት የጽሑፍ ፕሮግራም) የሚያሳይዎት የእንግሊዝኛ ፊደል ትርምስ ነው። አዲሱን ፈተና ግን በዩኒኮድ፣ የትኛውም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል አሠራር፣ ይጻፉ። ከሶፍትዌር ማኔጀሩ አይባስንና ኤም17ኤንን (የአማርኛ መጻፊያዎቹን) ይጫኑ፤ አማርኛውን እንደለመዱት በእንግሊዝኛ ቁልፎች እንደ ድምፁ ይጽፋሉ፣ ጥቂት ቁልፎች ብቻ ቦታ ይለዋወጣሉ። በዊንዶውሱ ኒያላ ፎንት የተጻፈው ይከፈታል፣ ነገር ግን ፎንቱ ሚንት ላይ ስለሌለ ሌላ ይተካበታል፤ 4 ገጽ የነበረው ፈተና 5 ሊሆን ይችላል። ወደ ማባዣ ክፍል ሲልኩ በፒዲኤፍ ይላኩት።